ለአባቴ ያዜምኩበት እሁድ

ከሆሳዕና በወጣሁበት ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው መደማመጥ አልቻለም ነበር። ይህን የምጽፈው እዚያ ላላችሁትም፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ከሱቅ ፍርግርግ ጀርባ ቆማችሁ በስልክ ለምታነቡትም ስለሆነ ዝናቡን አላብራራላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። አባቴ ግን ከዝናቡ በላይ ጮክ ብሎ ጸለየልኝ። ሰፈሩ ጋሽ ኤርሲዶ ይለዋል፤ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ያቋቋመ ሰው ነው። ኖታ ሳያውቅ፣ ሶፕራኖ አልቶ የሚባል ነገር ሳይሰማ፣ ልጃገረዶቹን «ቀጭኖች» እና «ወፍራሞች» ብሎ ከፍሎ ያስጠናን ነበር። እኔ ከቀጭኖቹ ነበርኩ። እጁን ራሴ ላይ ጭኖ «ጌታ ሆይ፣ ድምጿን ጠብቅላት» አለ። እናቴ በጎን «እግሯንም እንጂ» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ቡላ ቋጥራ አስያዘችኝ፣ መኪናው ክላክስ አደረገ፣ ወጣሁ።

የመንገዱን ታሪክ ከኔ በፊት የመጡት ነግረዋችኋል፤ ሞያሌን፣ ጫካውን፣ የጭነት መኪናውን። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ደላላው አነጋገሬ እንዳያስይዘን ብሎ በየኬላው «ይቺ ዲዳ ናት» ይል ነበር፣ እኔም እስከ ማላዊ ድረስ ዲዳ ሆኜ መጣሁ። የአባቴ ጸሎት በዚህ መንገድ ተሰማ፣ ድምፄ አንድም ቀን ሳይነካ ጆሃንስበርግ ገባ።

ታላቅ ወንድሜ ታምራት ከከተማው ራቅ ብሎ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ይነግድ ነበር። ዕቃውን ከጄፒ፣ ከመሀል ከተማው የሀበሻ ገበያ፣ ያመጣል፣ ዳቦና ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድ እና ነጠላ ሲጋራ በፍርግርግ ቀዳዳ እናቀብላለን። የአገሬው ፓፕ ነጭ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቅቤም በርበሬም የለው፣ መሀሉም አይጎደጎድም። አንድ ሳምንት ሙሉ መሀሉን በጣቴ እየጎደጎድኩ ስበላ ታምራት ሳቀብኝ። ሰው ሲገባ «ሳውቦና» ይላል፣ አንተም «ዬቦ» ትላለህ፣ ከዚያ በኋላ ሊሰርቅህም ሊመርቅህም ይችላል።

የጥገኝነት ወረቀት ልጠይቅ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ራሷን ቀና ሳታደርግ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አዜማለሁ።»

«የት?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«እስኪ አዚሚ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። አንድ የአባቴን መዝሙር ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ኮንጎዎች አጨበጨቡ፣ ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ሴትየዋ እስክጨርስ ሰማችኝና «በጣም ጥሩ» ብላ ወረቀቱ ላይ «ሥራ የላትም» ብላ ጻፈች።

ማ ኖምሳን ያገኘኋቸው በሱቁ ነው። አማሲ ሊገዙ መጡ፤ አማሲ እርጎ ነው፣ ብቻ የኛን እርጎ ጭስ ጭስ የሚለውን ጠረን አታገኙበትም። እኔ ከውስጥ ሳጥን እያራገፍኩ አዜማለሁ። እሳቸው ገንዘቡን ከሰጡ በኋላ አልሄዱም። «ይሄ ድምፅ የማን ነው?» አሉ። ታምራት ደንግጦ «እህቴ ናት፣ ዝም በይ እላታለሁ» አለ። «ዝም በይ ብትላት እኔ ነኝ የምጣላህ» አሉት።

ማ ኖምሳ ሶፕራኖ ነበሩ። በልጅነታቸው ጥቁር በመሆናቸው የትልልቁ መድረክ በር ዝግ ነበር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው ኦፔራ የዘፈኑት። በሩ ሲከፈትላቸው ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር፣ ቢሆንም ገብተው ዘፈኑ፣ ከዚያ ማስተማር ጀመሩ። በዚህ አገር የታክሲ ሾፌሩም ነርሷም ከሥራ በኋላ ኳየር ውስጥ ቆመው ከ«ዶ ሬ ሚ» ፊደል ላይ ኦፔራ እንደሚያነቡ ያወቅሁት በሳቸው ነው። የኛን አገር ሰው ኦፔራ ብትለው በስልኩ ኢንተርኔት የሚከፍትበትን ነገር ነው የሚያስበው። ማ ኖምሳ ተማሪያቸው አድርገው ወሰዱኝ፣ ልክ እንደ አባቴም ቀጭንና ወፍራም ለይተው አቆሙኝ። እጃቸውን ከጎድኔ ሥር አድርገው «ከዚህ ተንፍሺ» አሉኝ። ልዩነታቸው አንድ ነበር። አባቴ እየዘመርን ስናለቅስ ደስ ይለዋል፣ መንፈስ ወረደ ይላል። ማ ኖምሳ አንድ ቀን እያዜምኩ እንባዬ ሲመጣ ፒያኖውን ዘጉት። «ስታለቅሺ ጉሮሮሽ ይዘጋል። አንቺ ደረቅ ሁኚ፣ ሰሚው ያልቅስ» አሉኝ። ይህን ለመማር ዓመታት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ቻልኩበት፣ ዛሬ ሳስበው ከመጠን በላይ ነው የቻልኩበት።

ለልምምዱ ቅርብ እንዲሆን ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ሴኞር ማኑኤል የሚባሉ ሽማግሌ ፖርቱጋላዊ ናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ድምፄን ሳሟሙቅ በሩን ደበደቡት።

«የታመመ ሰው አለ?»

«የለም፣ እየተለማመድኩ ነው።»

«መታመም ነው የምትለማመጂው?»

ኦፔራ ነው ስላቸው «ኦፔራማ ቃል አለው፣ አንቺ ስትጮኺ ነው የሰማሁት» አሉ። ቃሉን አዜምኩላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ወረዱ፣ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሊሰሙኝ የደረጃውን በር ክፍት ይተዉታል።

ኮረስ ውስጥ ቆምኩ፣ ቆይቶ በገረድ ሚና ብቻዬን የማዜመው ጥቂት መስመር አገኘሁ፣ ቆይቶ ደግሞ ቀይ ቀሚስ ለብሼ ሙሉ መዝሙር የሚያህል ነገር ብቻዬን አዜምኩ። ፈረንጅም ጥቁርም ቆሞ አጨበጨበ። ያን ዕለት ማታ እንደኔ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። አንድ የጄፒ ልጅ ቪዲዮውን ለቀቀው። ሆሳዕና ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

በኛ ቤት ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ከፕሮቴስታንቶች ቤተ እምነት ውጭ ያላችሁት ላይገባችሁ ይችላል። እኛ ዘንድ መዝሙር አለ፣ ዘፈን አለ፣ መሀላቸው የሚቆሙበት ቦታ የለም። እዚህ የምዘምርባት የሀበሻ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ሰብሳቢው ጋሽ ጴጥሮስ ጄፒ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ፣ ቁጡ ያልሆኑ ሰው ናቸው።

«አስቴር፣ ያዜምሽው ዘፈን ነው መዝሙር?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ኦፔራ ነው።»

«ቋንቋው ምንድን ነው?»

«ጣልያንኛ።»

«በጣልያንኛ ዘፈን የለም?»

«አለ። ይሄኛው ግን ጸሎት ነው።»

ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «ወደ ማን?»

መዋሸት እችል ነበር። «ወደ ማርያም» አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ጫማቸውን አዩ። ጋሽ ጴጥሮስ «ልጄ፣ ዘፈን ነው ብትይን ይሻል ነበር» አሉኝ። ከመዘምራን ታገድኩ።

አባቴ ግን አላገደኝም፣ አልተቆጣኝም። ዝም አለኝ። «ዘፈን ከምትዘፍን ልጅ ጋር የማወራው የለኝም» ብሎ ለእናቴ ነገራት፣ ያ መጨረሻው ሆነ። እናቴ በበኩሏ ዘዴ ፈጠረች። እሁድ እሁድ ስደውል ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ጠፍር ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቃል አይወጣውም። ያስላል፣ ወንበሩ ሲጢጥ ይላል፣ በዚያ መኖሩን አውቃለሁ። እኔም ለእናቴ የማወራ መስዬ ለሱ አወራለሁ፤ ስለ አየሩ፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ ድንገት ስለሚወርደው በረዶ፣ ስለ ማ ኖምሳ። አንድ ቀን አፉን ይፈታል ብዬ ዓመታት እንደዚህ ደወልኩ። ከመድረኩም ከጭብጨባውም በላይ የምፈልገው እሱን ነበር፣ አንዴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶ የፈለገውን እንዲለኝ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ወታደሮች መንገድ ላይ ወጡ፣ አዳራሹ ተዘጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፣ ሲጋራና መጠጥ ተከለከለ። ሬዲዮው ሰው ተሰብስቦ ሲያዜም በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል ይል ነበር፣ እና ዘፈንም መዝሙርም ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ተከለከሉ። ጋሽ ጴጥሮስ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ማ ኖምሳ ሮዘተንቪል ሰፈር ልጃቸው ቤት ገቡ፣ ሳንባቸው ደካማ ስለሆነ ከክፍላቸው አይወጡም፣ በስልክ ያስተምሩኛል። እኔም የሳቸውን ጀማሪዎች ተረክቤ በስልክ አስተምራለሁ። የሰው ትንፋሽ በስልክ መስማት ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ «ከሆድሽ፣ ከሆድሽ» እላለሁ፣ ማታ ግድግዳውን አያለሁ። አላዘንኩም፣ አልፈራሁም። እጅ ሲደነዝዝ ብትቆነጥጡት እንደማይሰማው ሆኜ ነበር።

ፋሲካን ብቻዬን ዋልኩ። ያን ማታ ስደውል የአባቴን ሳል አልሰማሁም።

«አባባ የለም እንዴ?»

«አለ። ሳሉ ለቀቀው።»

«ተመስገን» አልኩ። ደስ አለኝ፣ ያ ሳል ሁልጊዜ ያሳስበኝ ነበር። ማር በነጭ ሽንኩርት መስሎኝ ያዳነው፣ እሱንም ጠየቅኋት፣ «አዎ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እንደ ወትሮው አወራሁ፣ ወዲያ ማዶ እንደ ወትሮው ዝም አለ። የእናቴ ድምፅ ቀጥኖ ነበር። ኮሮናን ፈርታ ነው አልኩ። ታምራትም ሲደውል ቶሎ ይዘጋል። ሱቁ ተዘግቶበት ተጨንቆ ነው አልኩ።

እዚህ ብርዱ ሲበረታ እዚያ ክረምት ገባ። አንድ እሁድ ማ ኖምሳ በስልክ አንድ የድሮ ጸሎት አስጨረሱኝ፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ እግዚአብሔርን ሰላም የምትለምንበት ነው። «ይሄን ለማን ነው የምታዜሚው?» አሉኝ። ማንም የለም አልኩ። «ሰው ሳይኖር የሚወጣ ድምፅ ጣራ ነው የሚመታው። ሰው ፈልጊ» አሉኝና ዘጉ። ወዲያው ደወልኩ።

«እማ፣ አባባ አለ?»

«አለ።»

«ላውድ ላይ አድርጊው። አባባ፣ ላዜምልህ ነው። ወደ ማርያም አይደለም፣ ወደ እግዚአብሔር ነው። ቋንቋው ባይገባህ ዜማውን ስማው። ዘፈን ነው ካልክ ዝጋው፣ አልቀየምህም።»

በስልኩ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል። ጠፍር ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ተቀመጠ አልኩ በልቤ። እግሬን አመቻቸሁ፣ ከሆዴ ሳብኩ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዜምኩለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አዚሜ አላውቅም። ላይኛው ድምፅ ሳልጠራው ነው የመጣው። ደረቅ ሆኜ ጨረስኩ። ሴኞር ማኑኤል ደረጃው ላይ መቆማቸውን ያወቅሁት ሲያፏጩ ነው።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

«ሰማ?» አልኩ።

«ሰምቷል» አለች እናቴ።

«ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

ዝም ማለቱ ለኔ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር ልትገምቱ አትችሉም። አልዘጋውም። ተነስቶ አልወጣም። ለማ ኖምሳ ደውዬ «አባቴ እስከ መጨረሻው ተቀመጠልኝ» አልኳቸው፣ እሳቸውም «ገና ይናገራል፣ ጊዜ ስጪው» አሉኝ። የቀረውን ክረምት በሙሉ በዚያች ቀን ነው የኖርኩት።

ጃካራንዳው ሊያብብ ሲል ገደቡ ላላ፣ ሰው ትንሽ ትንሽ ሆኖ መሰብሰብ ተፈቀደለት። አንድ ማለዳ ገና ሳይነጋጋ ታች የግቢው በር ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ታምራት ነው፣ ጋሽ ጴጥሮስም አሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች ነጠላ ለብሰዋል፣ ሁሉም ማስክ አድርገው ተራርቀው ቆመዋል። ሴኞር ማኑኤል በፒጃማ ወጥተው በሩን ከውስጥ ይዘውታል።

«እንግዳ ክልክል ነው» ይላሉ። «ሕጉ ክልክል ነው ይላል።»

«ለቅሶ ነው» አለ ታምራት። «ለለቅሶ ይፈቀዳል።»

«የማን?»

«የአባቴ።»

«አዝናለሁ። አስከሬኑ የት ነው?»

«ኢትዮጵያ። ተቀብሯል።»

«መቼ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

ሴኞር ማኑኤል ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፣ ተዉት። «አሁን እኮ መስከረም ነው። ልጅቷስ? አታውቅም?»

«አታውቅም። ሰው ሳይሰበሰብ፣ ብቻዋን ቤት ተዘግቶባት አይነገራትም።»

«እሷ በየእሁዱ ከአባቷ ጋር ትነጋገራለች» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ራሴ ስትዘፍንለት ሰምቻለሁ።»

መርዶዬን የሰማሁት እንደዚህ ነው፣ ከመስኮት፣ በእንግሊዝኛ። ሰዎቹ ደረጃውን ሲወጡ እኔ በሩን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ታምራት ፊቴን ሲያይ መናገር አላስፈለገውም፣ ማስኩ ላይ አለቀሰ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔ ሁሉንም አስቀመጥኩ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ሻይ ጣድኩ።

«አልቅሺ እንጂ እህቴ፣ ይታመቅብሻል» አለችኝ አንዷ።

መጮህ ፈልጌ ነበር። አፌን ስከፍት ሆዴ ራሱ ትንፋሹን በሥርዓት ያዘው፣ ጉሮሮዬ ክፍት፣ ደረቴ ቀና። በሺህ ሰው ፊት ያልዘጋኝ ጉሮሮ ለአባቴም አልዘጋ አለኝ። እንባ የሚባል አልመጣም። ታምራት ሁሉንም አስረዳኝ። አባቴን ሳሉ በሦስት ቀን ውስጥ ነው የወሰደው። ስልኩን እናቴ ትያዘው፣ ገደቡ እስኪነሳ ማንም እንዳይነግረኝ የተባባሉት እዚያ ያሉ ሽማግሌዎችና እዚህ ያሉት ተማክረው ነው። «ሁልጊዜም ዝም ስለሚልሽ አትጠረጥሪም ብለን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጠረጠርኩም። ስለ እሁዱ ዜማ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አላነሳውም። ጋሽ ጴጥሮስ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «ቤተ ክርስቲያን ስትከፈት ተመለሽ፣ ልጆቹን አተነፋፈስ አስተምሪልን» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ዛሬም አስተምራለሁ፣ ለማ ኖምሳ ተማሪዎችም ለጋሽ ጴጥሮስ መዘምራንም። ድምፄን ሁሉም አልተበላሸም ይላሉ፣ እውነት ነው፣ አልተበላሸም። ማ ኖምሳ ብቻ አንድ ቀን ሰምተውኝ ፒያኖውን ዘጉት። «አሁን ጣራውን እየመታሽ ነው» አሉኝ።

ለእናቴ በየእሁዱ እደውላለሁ። ሌላ ሎክዳውን መጥቶ ሄደ፣ እኛ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ባለፈው እሁድ ግን ከአፌ አመለጠኝ።

«እማ፣ ያን ቀን ሳዜም ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ማንም።»

«ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰምቼ ነበር።»

«እኔ ነኝ የተቀመጥኩበት» አለች። «ከሞተ ጀምሮ አልነካሁትም ነበር። አንቺ ላዜምልህ ስትዪ ባዶነቱ አላስቻለኝም፣ ሄጄ ተቀመጥኩበት።»

«ታዲያ ለምን አላስቆምሽኝም?»

«መስማት ፈልጌ ነዋ።» ቀጥላም «አስቱ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አባባ ሰማ ወይ፣ አባባ ምን አለ ትዪኛለሽ። እኔን አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለች።

አልተቆጣችም፣ እንደ ወትሮዋ ድምፅ ነው። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ተመልሶ ቆመ።

«ልጠይቅሽ» አልኩ። «ምን ነበር የሚመስለው?»

«እንዲህ በስልክ አይነገርም። እንደገና አዚሚውና እነግርሻለሁ።»

«አሁን?»

«አሁን። ቆይ ልቀመጥ።»

ስልኩ ውስጥ እርምጃዋ ራቀ፣ ተመለሰ። ከአልጋዬ ተነሳሁ፣ እግሬን አመቻቸሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ሴኞር ማኑኤል ግቢ ውስጥ አበባ ያጠጣሉ። እናቴ እስክትቀመጥ ጠበቅኋት፣ ወንበሩ ሲጢጥ አለ።